እስከ ነሐሴ ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ነፋስ። ሌላ ምን ይጻፋል?

ቀኑን ሙሉ ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። የዌሊንግተን ወንድ ሁሉ እግሩ አጥሯል ወይስ ሱሪ ሰፊዎቹ አብደዋል? አብራኝ የምትሠራው ናይሪ ካውያዋን ሳታስቀምጥ፣ «እግራቸው ምንም አልሆነም፤ ሚስቶቻቸው ሳይለኩ እየገዙላቸው ነው» አለች። መልስ አታጣም እሷ።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ኔቪል ነበር። ፀጉሩን ሊቆረጥ መሀል ከተማ ወርዶ ኖሯል። አየኝ። በአገጩ ሰላም አለኝና ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቤ ባዶ ነበር እኮ! ቦርሳዬን ሁሉ አንስቼለት... እስከ ፌርማታችን ድረስ የባሌን ማጅራት እያየሁ መጣሁ። ጥሩ ተቆርጧል።

ሲወርድ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ፣ «አመሰግናለሁ ሾፌር!»

እዚህ ሁሉም ይላል፤ ሳይል የሚወርድ አሳዳጊ የበደለው ነው። እኔም ብያለሁ። ግን ኔቪል ሲለው ድምፁ ሞቅ ይላል። ከልቡ ነው። ከዚያ በኋላ እስክንተኛ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። ይቅርታ፣ ራት ላይ «ጨው» ብሏል። ጨው ይቆጠራል?

ሰኔ 5

ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሆነ ልል ነበር። ውሸቴን ነው። በፊትም እንዲሁ ነበር። የመንገድ መብራት ሲጠግን እየዋለ፣ አንዳንዴም እያደረ፣ ዝምታውም አብሮት ይወጣ ነበር እንጂ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ቁርስ ላይ። ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባ።

«ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባሕሩን ተሻግሬ ኔልሰን ከተማ ልሄድ አስቤያለሁ። ወንድሜ ጋ ያ የጓሮ ክፍል ባዶ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለመኖር።»

ቢላዋውን ጠረገና፣ «ሻይ ይጨመርልሽ?» አለኝ። እኔም «አዎ» አልኩ! ከዚህ ሁሉ ቃል «አዎ»! ሻዩን ጠጣሁት ደግሞ።

ብቻዬን የምኖር ይመስል አልጋ አነጠፍኩ፣ ልብስ አጠብኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለምን ቧንቧ እንደ ከፈትኩ እንጃ። ቢሰማ ምን ይላል? ምንም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ለናይሪ ነገርኳት። የምትተኩሰው ሸሚዝ ሊቃጠል ነበር።

«ሴት ይዞ ነው?»

«ኔቪል? ሴት ለመያዝ እኮ መናገር ያስፈልጋል።»

ሳቅን። መሳቄ ገረመኝ። ከዚያ ናይሪ፣ «አብራችሁ የወጣችሁት መቼ ነው?» አለችኝ። ባስብ ባስብ... የጥርስ ሐኪም? «ያ አይቆጠርም አንቺ! እስኪሄድ ድረስ አውጪው። ገንዘብ የለኝም እንዳትይኝ። ይቺ ከተማ ለሁለት ሰው በነጻ ያላት ነገር መአት ነው፤ እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ ግድግዳ ታያላችሁ።»

ማታ ጠየቅኩት። እንደ ልመና እንዳይሰማ ቆጣ ብዬ፦ እስከ ነሐሴ ቅዳሜ የእኔ ነው። አብረን ሆነን የማናውቀውን ቦታ እናያለን። ሳንቲም አይወጣም።

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ካፖርት አለህ።»

አሰበ። «እሺ» አለ። እኔ ምን ፈልጌ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እዚህ እንኳ ልዋሽ? እንዳይሄድ ነው። በቃ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የአውሮፕላን ማረፊያው ጫፍ፣ ከአጥሩ ውጭ። አውሮፕላኖቹ በባሕሩ በኩል መጥተው ጭንቅላት ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ፤ ነፋሱ ክንፋቸውን ሲያወዛውዘው ተሳፋሪው ሁሉ ሲጸልይ ይታየኛል። ጥንዶች መኪና ውስጥ ሆነው ዓሣና ድንች እየበሉ ያያሉ። የእኛ መኪና የዓመት ምርመራ ስለወደቀች በአውቶቡስ ሄደን ውጭ ቆምን። ያበድን መስለናቸው ይሆናል።

ሳንድዊች ይዤ ነበር። ገና ከወረቀቱ እንዳወጣነው አንድ የባሕር ወፍ መጥቶ የኔቪልን ላፍ! እጁ ባዶውን ቀረ። አፉ ሊስቅ ፈልጎ ጥግ ጥጉ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ተወው። የራሴን ግማሽ ሰጠሁት። በላ።

«ወደድከው?» አልኩት ስንመለስ።

«ነፋስ ነበረው።»

ወይ አንተ! የዌሊንግተን ሰው ሆኖ ነፋስን እንደ ዜና ይነግረኛል።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ኩባ ጎዳና ላይ ያለው የባልዲዎቹ ፏፏቴ። ስንት ዓመት በአጠገቡ አለፍን፤ ቁጭ ብለን ግን አናውቅም። ባልዲው ይሞላል፣ ያጋድላል፣ ከሥሩ ላለው ይደፋለታል። አንዳንዱ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ወደ ውጭ ነው የሚረጨው። እንግዳ ሰው ሲበሰብስ ለማየት ልጆች ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

እንግዳዋ እኔ ሆንኩ። ውሃው በጀርባዬ ገባ! ልጆቹ አጨበጨቡ። ኔቪል ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ደረቅ ቦታ ላይ ቆሟል።

«እዚያ ጋ ይረጫል» አለ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«የምታውቂ መስሎኝ።»

ቤት እስክንደርስ ተንቀጠቀጥኩ። መሀረቡን ሰጥቶኛል፣ አልዋሽም። አጣጥፎ። ግን ያቺ «የምታውቂ መስሎኝ» አንጀቴ ውስጥ ቀረች። ትዳራችን ሁሉ እኮ እሷ ናት። እኔም ብዙ ነገር የሚያውቅ መስሎኝ ሳልነግረው ኖሬያለሁ።

ሰኔ 25

ጉንፋን። ሥራ አልሄድኩም። ኔቪል ሾርባ በር ላይ አስቀምጦ ሄደ። ደጅ እንደ ተቀመጠ የወተት ጠርሙስ። ገብተህ ብታየኝ ምን ነበረበት?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት በጉንፋኑ ምክንያት አልወጣንም። ዛሬ የእጽዋት አትክልት ቦታ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከጨለመ በኋላ። አብሪ ትሎች አሉ፤ ወንዝ ዳር ባለው ገደል ላይ፣ መሀል ከተማ! ከተማው ግማሹ አያውቅም። የነገረችኝ ናይሪ ናት፤ ከሟች ባሏ ጋር እጮኛሞች ሳሉ ይሄዱ ነበር። «ብርሃን ካዩና ጫጫታ ከሰሙ ይጠፋሉ። ዝም ብላችሁ ቁሙ» ብላኛለች። ዝም ማለቱን እንኳ ተክነንበታል።

ኔቪል ግን የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። ከሥራ የተረፈችውን፣ ግማሽ ሰፈር የምታበራውን! ዕድሜውን ሙሉ ጨለማ ሲያባርር የኖረ ሰው፤ ምን ታደርገዋለህ። ገደሉ ላይ አበራት፤ ጭቃ፣ ሣር፣ ቅጠል።

«የለም» አለ።

«አጥፋዋ።»

«ትወድቂያለሽ።»

«ልውደቃ! አጥፋዋ አልኩህ።»

አጠፋት። ድቅድቅ። ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ቆምን፣ ቆምን... ምንም የለም። ልንመለስ ነው ስል አንዲት ነጥብ አየሁ። ከዚያ ሌላ። ቀስ በቀስ ገደሉ ሁሉ፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተሰካ ስፒል ይመስላል። መተንፈስ ፈራሁ።

«ሬይ።»

«እ?»

«ስትጠብቂኝ ይሰማኛል።»

«የምን መጠበቅ?»

«እንድናገር። በር ስከፍት ትጠብቂያለሽ። ሻይ ስቀዳ ትጠብቂያለሽ። ምን ልበላት እያልኩ ሳስብ ይመሽብኛል። ይደክመኛል።»

በዓመት ከተናገረው ይበልጣል። በብርሃን ቢሆን አይለውም ነበር። እኔም ፊቱ ስለማይታየኝ ደፈርኩ።

«እኔን የማይደክመኝ መሰለህ? ሥራ ስትውል ብቻዬን ነበርኩ፤ እሺ። አሁን አብረኸኝ ውለህ ብሶብኛል። አጠገቤ ሆነህ ትናፍቀኛለህ። እንዴት ያለ ነገር ነው ይሄ?»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሴት አለች?»

ሳቀ፤ በአፍንጫው። «ማን ትፈልገኛለች?»

ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አትሂድ በይኝና እቀራለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሀል አንድ ቤተሰብ ስልኩን እያበራ መጣ፤ ልጆቹ እየጮሁ። ትሎቹ ድርግም። መልስ ሳልሰጠው ወጣን። አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። አጠገቤ።

ሐምሌ 6

«አትሂድ።» አንዲት ቃል። የምፈልገው ይሄንኑ አልነበር? ታዲያ ምን ያዘኝ?

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ናይሪ ልትገድለኝ ነው። «በይውና ይቅራ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«በራሱ ፍላጎት እንዲቀር ነው የምፈልገው።»

«ፍላጎት! ድንቄም ፍላጎት። የእኔ ሰውዬ ከሞተ ወዲህ እኮ ዝም የሚለኝ እንኳ አጣሁ።»

ካውያዋን እያየች ነው ያለችው። ናይሪ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሄጄ አቀፍኳት። የሰው ሱሪ መሀላችን ነበር። «በይ በቃ፣ ትጨማድጂብኛለሽ» አለችኝ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

«ዛሬ ብቻዬን ልሂድ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ካፖርትሽን ልበሺ» አለ።

ቀይ አለቶቹ ጋ። ከመጨረሻው ፌርማታ በባሕሩ ዳርቻ ረጅም መንገድ ነው፤ ጠጠር። አቆስጣዎቹ፣ እነዚያ የባሕር እንስሶች፣ እዚያ ይከርማሉ። መጀመሪያ አለት መሰሉኝ፤ አንዱ አለት አዛጋ! ጢማቸው ረጅም፣ ሆዳቸው የወፈረ፣ ሽታቸው... ኧረ ተዉኝ። አንድ ውሻውን የያዘ ሽማግሌ፣ «ጠጋ አትበዪ እመቤት፣ ይነክሳሉ» አለኝ።

«ሴቶቹ የት አሉ?» አልኩት።

«እነሱ እዚህ አይመጡም። ክረምቱን እዚህ የሚያሳልፉት ወንዶቹ ብቻ ናቸው።»

ተያየን። «ይከፋቸዋል?» አልኩት፤ ምን ቆርጦኝ እንደ ጠየቅኩት እንጃ።

«ይሄ?» ብሎ ወደ ትልቁ ጠቆመኝ። ጀርባው ላይ ተዘርሮ ሆዱን በክንፉ ያካል። «ይህን ያህል የተመቸው ፍጡር አይቼ አላውቅም።»

ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ማንንም ሳላይ። ከዚያ አንድ አለት ሥር ከነፋስ ተጠልዬ ሳንድዊች በላሁ። ለካ በልማድ ሁለት ሠርቼ ኖሮ ሁለተኛውንም በላሁት! ስጨርስ ነው ያስተዋልኩት፤ ጠዋት ከወጣሁ ጀምሮ ማንንም አልጠበቅኩም። ትከሻዬ ወርዷል። ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን ያ ቤት ውስጥ ያለው ብቸኝነት አልነበረም። ያኛው ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር።

«ሂድ ኔቪል።»

ቢላዋው ቆመ።

«አትሂድ ብልህ ትቀራለህ፤ አውቃለሁ። ቃልህን ትጠብቃለህ። ግን ሐኪም ቤት ወረፋ እንደ ያዘ ሰው ነው የምትቀረው። እኔም ሁልጊዜ አይን አይንህን ሳይ ልኖር ነው። አልችልም።»

ከድንቹ ቀና ሳይል፣ «ተቆጥተሽ ነው?»

«አዎ። ግን ለዚያ አይደለም።»

ድንቹን ልጦ ጨረሰ። እጁን ታጠበ። ከዚያ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ እጁ እንደ ረጠበ። ሸሚዜ ላይ የጣቶቹ ምልክት ቀረ። እስኪደርቅ ድረስ አላወለቅኩትም። ሞኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

መኪናዋ ምርመራውን አለፈች። ኔቪል ለእኔ ትቷት ይሄዳል። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ልብ ነው የሌለኝ። በዚህ ዳገት፣ በዚህ ነፋስ! ሁልጊዜ የሚነዳው እሱ ነበር።

ናይሪ ልታለማምደኝ መጣች። ብሩክሊን ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ መብራት ያዘን። ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፤ ወደ ኋላ!

«የእጅ ፍሬን! የእጅ ፍሬኑን! ኧረ አንቺ ሴትዮ ቅድመ አያቶቼ ዘንድ ልታደርሺኝ ነው!»

«አትጩሂብኝ!»

«አልጮህኩም! እየጸለይኩ ነው!»

ከኋላችን ያለው ሰውዬ እጁን ከጡሩንባው አላነሳም። ቤት ስንደርስ ኔቪል በመስኮት ያይ ነበር። ጎማውን ዞሮ አየ። «ደህና ነሽ» አለ። ለእኔ ነው ወይስ ለመኪናዋ?

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ

ቅዳሜያችን አልቀረም። ቃል ቃል ነው። ዛሬ አሮጌው መቃብር፣ አውራ ጎዳናው ለሁለት የሰነጠቀው። ጸጥ ያለ፣ በነጻ፣ ማንም የማይመጣበት። ለጥንዶች ጥሩ ቦታ ነው ብል ሰው ይስቅብኛል።

ድንጋዮቹን እያነበብን ዞርን። አንዱ ላይ የባልየው ስም፣ ሥራው፣ የመጣበት መርከብ፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ በትንሹ፣ «ሚስቱም።» ስም የለም።

«ሬይዊን ብዬ አስጽፍልሻለሁ» አለ ኔቪል። «በትልቁ።»

ቀለደ! ኔቪል ቀለደ። ከዚያም አወራ፤ ስለ አባቱ፣ አምፖል ሊቀይር ምሰሶ ላይ ወጥቶ ስላያት አንዲት ጉጉት፣ እዚያ ላይ ሆኖ ስለሚያያቸው የሰው ቤቶች ሁሉ። «አንድ ማታ የእኛን መንገድ ስሠራ በመስኮት አየሁሽ። ስትሰፊ። ብዙ ቆየሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አሁን «የምታውቂ መስሎኝ» አላለም። «አፈርኩ» አለ።

ያናድዳል! የሚሄድ ስለሆነ ነው እኮ የሚያወራው። ሻንጣው ሲወጣ አፉ ተከፈተ። የአጥሩን ብረት ይዤ፣ «አትሂድ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሰኞ ቁርስ ላይ የምናደርገውን አሰብኩ። ሻይ፣ ማርማላታ፣ አይን አይኑን ማየት። ዋጥኩት። ሲወርድ አሞኛል፤ እውነቴን ነው።

ነሐሴ 23

የመጨረሻው ቅዳሜያችን። ዝናብ። ቤት ቀርተን ካልሲዎቹን ለየንለት። ነጠላ ካልሲ ይህን ያህል ከየት መጣ?

ነሐሴ 30፣ ቅዳሜ

ነፋስ የለም። በዚህ ከተማ! ባሕሩ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ሆኗል።

መርከቡ ጋ እኔ ነድቼ አደረስኩት። «ታክሲ ልጥራ?» ብሎኝ ነበር፤ «ምን ሲደረግ!» አልኩት። በየኩርባው የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዟል፤ ትንፍሽ ግን አላለም። ዳገቱ ላይ መብራት ያዘን። የእጅ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቀስ... ወጣሁት! ዞሬ ላየው ፈልጌ አላየሁትም። ሾፌር መንገዱን ነው የሚያየው።

መድረሻው ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ከኋላ መኪና ነበር። ሻንጣውን ከኋላ ወንበር ጎተተ። በሩን ከፈተ። አንድ እግሩን አወረደ። እና ጮክ ብሎ፣ በዚያ ሞቅ ባለ ድምፁ፦

«አመሰግናለሁ ሾፌር!»

ደርቆ ቀረ። እኔም። አንድ እግሩ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ፣ ሻንጣው ጉልበቱ ላይ። አስቦ አይደለም፤ አፉ ነው የለመደው። ከመኪና ሲወርድ የሚባለው ይሄ ነው፤ አለው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ለማያውቀው ሰው በየቀኑ ሲሰጥ የሰማኋትን ቃል በዚያች ድምፅ ለእኔ ብሏት አያውቅም።

ፊቱ ቀላ። «ሬይ፣ እኔ...»

«ምንም አይደል» አልኩት፤ ሾፌሮቹ እንደሚሉት። «ደረጃውን አስተውል።»

ሳቀ። በአፍንጫው አይደለም፤ በሙሉ አፉ፣ ሻንጣው እስኪወድቅ። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ከኋላ ያለው ጡሩንባ ነፋ። ኔቪል እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀልኝና በሩን ዘጋ። ቀስ አድርጎ። ሲገባ አላየሁትም፤ መስመር መቀየር ነበረብኝ።

አውሮፕላኖቹ ጋ ሄጄ ትንሽ ቆየሁ። እንደ ሰዉ መኪና ውስጥ ሆኜ። ግራም ቀኝም ሁለት ሁለት ሆነው ድንች ይበላሉ። አለቀስኩ፤ የምከፍተው ቧንቧም አልነበረም። አንድ የባሕር ወፍ ኮፈኑ ላይ አርፎ አየኝ። ምንም የለኝም አልኩት።

ቤት ደረስኩ። ዳገቱ ላይ አቆምኩ፣ ጎማውን ወደ ግንቡ አዞርኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ። ሞተሩን ሳጠፋ ዝም አለ። ውስጥ ማንም የለም። ማንም እንዲናገር አልጠብቅም።

በሩን ከፈትኩ።

«አመሰግናለሁ ሾፌር» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጎረቤት ቢሰማ ይስማ። ወረድኩ።